«ዴሰለት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቅጽል በቦታው ማዋል፦ ለተማሪ፣ ለአስጎብኚና ለጸሐፊ

በበጋ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ድሬዳዋ ውስጥ «ከዚራ» ወደሚባለው ሰፈር ብትሄዱ መንገድ ላይ ሰው ለማየት ዐይን ማሻሸት ያስፈልጋል። ሱቁ ግማሽ መዝጊያውን አውርዷል፣ ባጃጁ ጥላ ይዞ ቆሟል፣ ሰዉ ምሳውን በልቶ ወይ ጋደም ብሏል ወይ በርጫ ላይ ነው። ይህን በእንግሊዝኛ ጻፉ ሲባሉ ብዙ ተማሪዎች «ዘ ስትሪት ኢዝ ዴሰለት» ይላሉ። ዐረፍተ ነገሩ ሰዋስዋዊ ስሕተት የለበትም። ቃሉ ግን ሌላ ነገር እየተናገረ ነው፦ መንገዱ ከሰው ተለይቶ የቀረ፣ ኑሮ የሸሸው፣ ሲያዩት ሆድ የሚያባባ ነው እያለ ነው። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ያው መንገድ በሰውና በሻይ ቤት ወንበር ይሞላል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው «ዲዘርትድ» ነው፣ ወይም በቀላሉ «ኳይት»።

ስሕተቱ የሚመጣው ከመዝገበ ቃላት አጠቃቀም ነው። አብዛኛው የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት «ዴሰለት» አጠገብ «ባዶ፣ ጭር ያለ፣ ብቸኛ፣ የተተወ» ብሎ ይደረድራል። አራቱም እውነት አላቸው፤ አንዳቸውም ግን ብቻቸውን ቃሉን አይሸፍኑትም። ስለዚህ ቃሉን ከመጻፋችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። አንደኛ፦ እዚህ ቦታ ወይም እዚህ ሰው ላይ ምን ጎደለ? ቀድሞ የነበረ ወይም ዐይን ሊያየው የሚጠብቀው ሕይወት መጥፋት አለበት። ሁለተኛ፦ ጉድለቱ የሚያየውን ሰው ያሳዝናል ወይ? ለሁለቱም መልሱ አዎ ሲሆን ብቻ «ዴሰለት» በቦታው ገባ።

ጉድለት ኖሮ ሐዘን ከሌለ ሌላ ቃል አለ። ጨዋታ በሌለበት ቀን የድሬዳዋ ስታዲየም «ኤምፕቲ» ነው፤ ማንም አያዝንለትም። ሳቢያን ሰፈር ውስጥ የሚከራይ ክፍል «ቬከንት» ነው፤ «ዴሰለት» ብላችሁ ማስታወቂያ ብትለጥፉ ተከራዩ ቤቱ ምን ቢደርስበት ነው ብሎ ይሸሻል። የተከፈተ የሥራ መደብም እንዲሁ «ቬከንት» ነው። ሐዘን ኖሮ ጉድለት ከሌለ ደግሞ፣ ለምሳሌ ደብዛዛ ግድግዳ ያለው አሰልቺ ቢሮ፣ «ድሪሪ» ይባላል። ድርቅ ነዋሪውን ነቅሎት ጎጆው ክፍት የቀረ መንደር ግን፣ እሱ «ዴሰለት» ነው።

ሥሩን ማወቅ ለምን ይጠቅማል

ቃሉ የላቲን ዝርያ ነው። «ሶሉስ» በላቲን «ብቻውን» ማለት ነው፤ «ዴሶላሬ» የሚለው ግሥ ደግሞ «ፈጽሞ ብቻውን መተው»። ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። «ሶሎ»፣ «ሶሊቲዩድ» እና «ሶል» (ብቸኛ) የተባሉት የእንግሊዝኛ ቃላትም ከዚያው ሥር የወጡ ናቸው። ይህን ያወቀ ሰው አንድ የሚያደናግር ነገር ይገለጥለታል፦ ለምን ያው ቃል ለበረሃም ለሰውም ይሆናል? ምድሩም ሰውዬውም አንድ ነገር ደርሶባቸዋል። ብቻቸውን ተትተዋል።

ሥሩ የፊደል አጻጻፉንም ያስታውሳል። ስምንት ፊደል አለው፦ ዲ፣ ኢ፣ ኤስ፣ ኦ፣ ኤል፣ ኤይ፣ ቲ፣ ኢ። መሃሉ ላይ ያለው ኤስ፣ ኦ፣ ኤል «ሶሎ» ከሚለው ቃል መጀመሪያ ጋር አንድ ነው። ብዙ ሰው ኦውን ትቶ ኢ የሚጽፈው ድምፁ በደንብ ስለማይሰማ ነው። ኤስን ሁለት ጊዜ የሚጽፉም አሉ፤ «ዲዞልቭ» የሚለው ቃል ሁለት ኤስ ስላለው እጅ ይለምድና ይደግመዋል። መጨረሻውን ኢ፣ ቲ ብሎ መጨረስም የተለመደ ነው፤ ይህም በጆሮ ከመጻፍ የሚመጣ ነው።

አነባበብ

አማርኛ ተናጋሪ በፊደሉ ሲመራ «ዴሶላቴ» ወይም «ዴሶሌት» ይላል፣ ክፍለ ቃሉን ሁሉ በእኩል ጉልበት። ትክክለኛው ንባብ ለእኛ ከሚመስለው ይቀላል፣ ምክንያቱም ፊደላችን የሚያስፈልገውን ድምፅ ከሞላ ጎደል ይዟል። «ዴ» ብላችሁ አጠር አድርጉ፣ ጉልበቱን ሁሉ እዚያ ላይ ጣሉ፤ ከዚያ «ሰ» እና «ለ»ን በግዕዙ፣ ሳትጫኗቸው እለፉባቸው፤ «ት»ን በሳድሱ ዝጉ። ዴሰለት። «ሰ»ን አታጥብቁት፤ «ዴስሰለት» ካላችሁ ሰሚው ሁለት ቃል የሰማ ይመስለዋል። አንዳንድ አሜሪካውያን «ሰ»ን ወደ «ዘ» አስጠግተው ሲያነቡት ይሰማል፤ ተቀባይነት አለው፣ መኮረጅ ግን አያስፈልግም።

ቃሉ ግሥም ነው፤ እዚህ ላይ ብዙዎች ይሰናከላሉ። አጻጻፉ አንድ ነው፣ የመጨረሻው ክፍለ ቃል ንባብ ግን ይለወጣል፦ ቅጽሉ «ዴሰለት»፣ ግሡ «ዴሰሌይት»። ይህ የዚህ ቃል ብቻ ጠባይ አይደለም። «ሴፕረት» ቅጽል ሲሆን «ሴፕሬይት» ግሥ ነው፤ «ሞደረት» ቅጽል፣ «ሞደሬይት» ግሥ፤ «ኤስቲመት» ስም፣ «ኤስቲሜይት» ግሥ። አንዱን በደንብ የለመደ ሁሉንም ያገኛል። ስሙ «ዴሰሌይሽን» ነው፤ ጉልበቱ ከመጀመሪያው ተነሥቶ «ሌይ» ላይ ያርፋል። ተውሳከ ግሡ «ዴሰለትሊ» ይባላል፣ የሚገኘውም በልብ ወለድ ውስጥ እንጂ በዕለት ንግግር እምብዛም አይደለም።

አንድ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ፦ «ዲሰሉት» የሚባል ሌላ ቃል አለ፤ ትርጉሙ ስድ፣ ልቅ፣ በመጠጥና በዝሙት የተያዘ ማለት ነው። ሐዘንተኛን ሰው «ዴሰለት» ልትሉ ብላችሁ አፋችሁ ወደዚያ ካዘነበለ ስድብ ነው የወጣችሁ። ስለዚህ «ዴ»ን «ዲ» አታድርጉት፣ መጨረሻውንም አትጎትቱት።

ለቦታ ሲውል

ለቦታ የሚውለው ትርጉም ሰፊ ስለሆነ ጎረቤቶቹን ለይቶ ማወቅ ግድ ነው። ድሬዳዋና ሐረር ደግሞ ለዚህ የተመቹ ናቸው፤ በአንድ ሰዓት መንገድ ውስጥ ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ወደ 1,900 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ የሚወጣ ሰው በረሃውንም፣ ደጋውንም፣ የድሮ ግንቡንም ያያል፤ ለእያንዳንዱ የሚሆነው ቃል የተለያየ ነው።

«ብሊክ» የሚለውን ብዙ ሰው ከ«ዴሰለት» ጋር እንደ መንታ ያየዋል። በቦታና በአየር ላይ ሲውል ግን «ብሊክ» ውስጡ ብርድና ነፋስ አለበት፦ ገላጣ ኮረብታ፣ ደመና የተጫነው ሰማይ፣ መጠለያ የሌለው ሜዳ። ከድሬዳዋ በስተሰሜን ያለውን የሽንሌን ሜዳ በጠራራ ፀሐይ «ብሊክ» ማለት አንባቢውን ካፖርት ያስለብሰዋል። በሐምሌ ጉም ሲለብስ በድሬዳዋና በሐረር መንገድ ደንገጎ ላይ ያለውን ጫፍ ግን «ብሊክ» ብትሉት ያምራል። ከቦታ ውጭ ደግሞ ተስፋ የጨለመበትን ነገር የሚገልጸው «ብሊክ» ነው። «ብሊክ ፊውቸር»፣ «ብሊክ አውትሉክ» ይባላል፤ «ዴሰለት ፊውቸር» ማለት ሊገባ ቢችልም ጆሮ ይቆረቁራል።

«ባረን» አፈሩን ይመለከታል፤ ዘር የማያበቅል፣ ሣር የማይዝ ማለት ነው። ከድሬዳዋ በስተደቡብ ያሉት ድንጋያማ ተረተሮች ዛፍ በሌለባቸው በኩል «ባረን ሂልስ» ናቸው። አንድ ቦታ «ባረን» ሆኖ ሰው ሊሞላበት ይችላል፤ «ዴሰለት» ሆኖ ደግሞ አፈሩ ለም ሊሆን ይችላል፣ ባለቤቱ ትቶት ከሄደ። ይህን ቃል ለሴት አታውሉት። በቆዩ ጽሑፎች መካን ሴትን «ባረን» ማለት የተለመደ ነበር፤ ዛሬ ግን ስሜት የሚጎዳ አነጋገር ነው።

«ዴሬሊክት» ለሕንፃ፣ ለመርከብና ለፋብሪካ ነው፦ ጠባቂ አጥቶ እየፈራረሰ ያለ። «ዲስዩዝድ» ደግሞ አገልግሎት ያቆመ ማለት ብቻ ነው፤ ሐዘንም ፍርስራሽም የለበትም። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1902 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲደርስባት ነው። አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር በ2016 በአውሮፓውያን ተመርቆ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ስለተሠራ፣ ስለ አሮጌው ጠባብ ሐዲድ ሲጻፍ ቃል መምረጥ ያስፈልጋል። ሐዲዱን ባቡር በማያልፍበት በኩል «ዲስዩዝድ» በሉት፤ ይህ ሐቅ ነው። ዝገት የበላውን፣ ጣሪያው የወደቀበትን አንድ የተለየ ፉርጎ «ዴሬሊክት» በሉት። ድሮ በሻንጣና በስንብት ይጨናነቅ የነበረውን መሳፈሪያ፣ አሁን ድምፅ የሌለበትን፣ «ዘ ዴሰለት ፕላትፎርም» ማለት ትችላላችሁ፤ ሁለቱም ጥያቄዎች መልስ አላቸውና። የድሮውን ጣቢያ ግቢ በሙሉ ግን «ዴሰለት» አትበሉት፤ ሰው ይሠራበታል።

«አይሶሌትድ» ማለት ከሌላው የተነጠለ፣ ሩቅ ማለት ነው። ተራራ ላይ ያለ መንደር «አይሶሌትድ» ሆኖ ጫት፣ ቡናና ማሽላ የሞላበት፣ ልጆች የሚሯሯጡበት ሊሆን ይችላል። «ዴሰለት» ካላችሁት ነዋሪዎቹን ከጽሑፉ አጠፋችኋቸው።

ስለ ጥፋት ሲጻፍ «ዴቫስቴትድ» እና «ዴሰለት» ይደበላለቃሉ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋን የመታው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ጎርፉ ያደረገው «ዴቫስቴትድ» ነው፤ ድርጊቱንና መጠኑን ይናገራል። ቤቶቹ ከተወሰዱ በኋላ ባዶውን የቀረው ዳርቻ ሁኔታው «ዴሰለት» ነው። በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲሰለፉ ቅደም ተከተላቸው ይህ ነው፦ «ዘ ፍለድ ዴቫስቴትድ ዘ ኔበርሁድ ኤንድ ሌፍት ኢት ዴሰለት»። «ሌፍት ኢት ዴሰለት» የሚለው አገባብ በጣም የተለመደና የሚያስተማምን ነው፤ ለይታችሁ ያዙት። የደቻቱን አሸዋማ ወንዝ በበጋ ግን «ዴሰለት» አትበሉት። ውሃ የለበትም እንጂ ሰው ያቋርጠዋል፣ ከብት ያልፍበታል፣ ገበያ ይዘረጋበታል። እሱ «ድራይ» ነው።

የሐረማያ ሐይቅ ለዚህ ቃል ጥሩ መማሪያ ነው። ደርቆ በነበረባቸው ዓመታት፣ ጀልባና ወፍ የነበረበት ስፍራ የተሰነጣጠቀ ጭቃ ሲሆን፣ «ዘ ሌክ ቤድ ሉክድ ዴሰለት» ማለት ቃሉን በልኩ መጠቀም ነው። በኋላ ውሃው በከፊል ስለተመለሰ ዐረፍተ ነገሩን በአሁን ጊዜ መጻፍ ስሕተት ይሆናል። እዚህ ላይ የምንለው ከሰዋስው ያለፈ ነው፦ «ዴሰለት» የጊዜ ቃል ነው፣ ሁኔታ ይለወጣልና የምትጽፉበትን ወቅት ከጎኑ አስቀምጡለት።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ሰው የሚኖርበትን መሬት በዚህ ቃል ሲጠሩ ነው። ከድሬዳዋ ወደ ሰሜን ወርዶ በሽንሌ በኩል የሚሄደውን አገር በመኪና መስኮት ያየ እንግዳ «ዴሰለት» ሊለው ይቸኩላል። ለኢሳ አርብቶ አደር ያው ሜዳ ግመል የሚሰማራበት፣ ጉድጓዱ በስም የሚታወቅበት ቀዬ ነው። ቃሉን መጠቀም ካስፈለገ የተመልካቹ ስሜት መሆኑን አሳዩ፤ «ኢት ኢዝ ዴሰለት» ከማለት «ኢት ሉክስ ዴሰለት ቱ ኤ ስትሬንጀር ኢን ዘ ድራይ ሲዝን»፣ ማለትም «በበጋ ለማያውቀው ሰው ወና ይመስላል» ማለት ለእውነቱ ይቀርባል። ጆርጅ ቫንኩቨር የተባለ እንግሊዛዊ መርከበኛ በ1792 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በምዕራብ ካናዳ ያለ አንድ የባሕር ወሽመጥ አካባቢን «ዴሰሌይሽን ሳውንድ» ብሎ ሰየመው። ነባር ሕዝቦች ይኖሩበት ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ጀልባ ቀዛፊ የሚመኘው ውብ ቦታ ነው። ስሙ ስለ ቦታው ከሚነግረን ይልቅ ሰያሚው በዚያ ወቅት ምን እንደተሰማው ይነግረናል።

ውበትና «ዴሰለት» አብረው መሄድ ይችላሉ። ሐምሌ 1961 ዓ.ም. ጨረቃ ላይ ሁለተኛው ሆኖ የወረደው በዝ ኦልድሪን ያየውን ሲገልጽ «ማግኒፊሰንት ዴሰሌይሽን» አለ፤ ግርማ ያለው ወናነት እንደማለት ነው። ጨረቃ ላይ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ግን ከምድር የሄደ ዐይን ሕይወት ይፈልጋል፣ ሲያጣ ይደነግጣል። ባቢሌ አጠገብ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የቆመበትን ሸለቆ ለጎብኚ የምትገልጹ አስጎብኚዎች «ዴሰለት ቢዩቲ» የሚለውን ጥምረት ልትሞክሩት ትችላላችሁ፣ ሰው በሌለበትና ፀጥታው በሚሰማበት ክፍል። ከዚያ ውጭ የድንጋዮቹን ሹልነትና ገላጣነት ለመናገር «ስታርክ» ይሻላል።

ለሰው ሲውል

«ዴሰለት» ለሰው ሲነገር ከ«ሳድ» ብዙ ይጠልቃል። የቅርብ ሰው ሞቶበት፣ ተለይቶት፣ ዓለም ባዶ የሆነችበትን ሰው ነው የሚገልጸው። አማርኛው ሆድ የባሰው፣ ቅስሙ የተሰበረ፣ ባይተዋር የሆነ ይላል። ፈተና ለወደቀ ልጅ «ዲሳፖይንትድ» ይበቃል። ቡድኑ ለተሸነፈ ደጋፊም እንዲሁ።

አገባቡ ላይ ልብ በሉ። ለቦታ ከስም በፊትም በኋላም ይገባል፦ «ኤ ዴሰለት ሮድ»፣ «ዘ ሮድ ዋዝ ዴሰለት»። ለሰው ግን በብዛት የሚመጣው ከ«ፊል»፣ ከ«ሉክ» እና ከ«ሌፍት» ኋላ ነው፦ «ሺ ፌልት ዴሰለት ዌን ኸር ሲስተር ሌፍት»፣ እኅቷ ስትሄድ ሆዷ ባባ፣ ቤቱ ወና ሆነባት። «ኤ ዴሰለት ዉማን» ብሎ በቀጥታ መጥራት የድሮ መጻሕፍት ቋንቋ ይመስላል። ፊትና ድምፅን ግን ከስም በፊት ሆኖ ይገልጻቸዋል፤ «ኤ ዴሰለት ሉክ»፣ «ኤ ዴሰለት ክራይ» ይባላል፤ አንጀት የሚበላ አስተያየት፣ አንጀት የሚበላ ጩኸት።

«ብቸኛ» የሚለው የአማርኛ ቃል ወጥመድ ነው፤ አራት የተለያዩ የእንግሊዝኛ ቃላትን ይሸፍናልና። ለእናቱ አንድ የሆነ ልጅ «ኦንሊ ቻይልድ» ነው። ያላገባ ሰው «ሲንግል» ነው። አጠገቡ ሰው የሌለ «አሎን» ነው፤ ሊደሰትበትም ይችላል። ሰው ናፍቆት የተከፋ «ሎንሊ» ነው። «ዴሰለት» ከ«ሎንሊ» በኋላ ይመጣል፣ መጽናኛ የጠፋበት ደረጃ ላይ። ስለ ራሳችሁ በእንግሊዝኛ ስትጽፉ «አይ አም ኤን ኦንሊ ቻይልድ» ለማለት ፈልጋችሁ «አይ አም ኤ ዴሰለት ቻይልድ» ብትሉ አንባቢው ቤተሰባችሁ ያለቀ ይመስለዋል።

ግሡና ማሟያዎቹ

ግሡን እንደ ቅጽሉ አታዘውትሩት። ቦታን ማውደም፣ ሰውን በሐዘን ማድቀቅ ማለት ነው፣ የሚመጣውም በብዛት በተደራጊ መልክ ነው፦ «ዴሰሌይትድ ባይ ዎር»፣ በጦርነት የወደመ፤ «ዴሰሌይትድ ባይ ዘ ኒውስ»፣ በመርዶው ልቡ የተሰበረ። መስተዋድዱ «ባይ» ነው። በዜና ላይ ለውድመት «ዴቫስቴትድ» ስለሚቀል ጋዜጠኛው ያንን ይምረጥ።

ቅጽሉን ለማጉላት «አተርሊ» እና «ኮምፕሊትሊ» ይስማሙታል። «ቬሪ ዴሰለት» ስሕተት ባይሆንም ጉልበት የለውም፤ ቃሉ በራሱ ጫፍ ላይ ያለ ነውና። ሲነጻጸር «ሞር ዴሰለት»፣ «ሞስት ዴሰለት» ይባላል እንጂ መጨረሻው ላይ ቅጥያ አይጨመርበትም። በተነባቢ ስለሚጀምር ከፊቱ «ኤ» እንጂ «ኤን» አይገባም።

አብረውት የሚሄዱትን ስሞች ከነጠላ ቃሉ ጋር ማጥናት ከማንኛውም ዘዴ ይበልጣል፦ ላንድስኬፕ፣ ዌስትላንድ፣ ፕሌይስ፣ ኮስት፣ «ስትሬች ኦቭ ሮድ»። ኪስ፣ ማቀዝቀዣ፣ አውቶቡስ፣ ስልክ ከእሱ ጋር አይሄዱም፤ እነሱ «ኤምፕቲ» ናቸው።

ወደ አማርኛ ሲመለስ

ተርጓሚ አንድ የአማርኛ ቃል መርጦ በየቦታው ሊያስገባው አይችልም፤ ከ«ዴሰለት» ቀጥሎ ያለውን ስም ማየት አለበት። ለቤት «ወና» ወይም «ኦና» ይሆናል። ለአገርና ለቀዬ «ባድማ»። ለሰፊ ሜዳና ለበረሃ «ጭው ያለ»። ለእርሻ «ጠፍ»፣ ታርሶ የነበረ መሆኑ ከታወቀ። ለመንገድ «ጭር ያለ» ብቻውን አይበቃም፤ ጭር ማለት ሰላምም ሊሆን ስለሚችል «ሰው የራቀው» ወይም «የሚያስፈራ ጭርታ የወረሰው» ዓይነት ድጋፍ ይፈልጋል። «ምድረ በዳ» ለቦታ ዓይነት ስም ስለሆነ ብዙ ጊዜ «ዊልደርነስ» ለሚለው ይቀመጥ።

የማቴዎስ ወንጌል 23፥38 ላይ በ1611 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ቤቱ «ዴሰለት» ሆኖ ይቀራል ሲል፣ አማርኛው «የተፈታ ሆኖ ይቀርላችኋል» ይላል። «የተፈታ» ትልቅ ምርጫ ነው፦ ነዋሪው የሄደበትን፣ ሥርዐቱ የፈረሰበትን ቤት በአንድ ቃል ይይዛል። ለታሪክና ለቅኔ ቀመስ ጽሑፍ ዛሬም ሊያገለግል ይችላል፤ ለዜና ግን ትዳር የፈረሰ ያስመስላል።

ሦስት ዐረፍተ ነገር ስናርም

ለሆቴል በራሪ ወረቀት የታሰበ፣ በግንብ ስለታጠረው የድሮው ሐረር ስለ ጀጎል (በእንግሊዝኛ «ጁጎል»)፦ «ጀጎል ማታ ጸጥ ይላል» ተብሎ የተጻፈው «ጁጎል ኢዝ ዴሰለት አት ናይት» ሆኖ ቢተረጎም እንግዳው አስፈሪና የተተወ ከተማ ይመጣበታል፤ ማታ ከበሩ አይወጣም። «ጁጎል ኢዝ ኳይት አት ናይት» ብቻ በሉ። የጠባብ መንገዱን ባዶነት መጨመር ካማራችሁ «ዘ ሌይንስ አር ኒርሊ ኤምፕቲ» አክሉበት። ኑሮ በግንቡ ውስጥ አለና «ዴሰለት» እዚህ ቦታ የለውም።

ለእርዳታ ድርጅት ሪፖርት፦ «ችግር ላይ የወደቁ ቤተሰቦች» ለማለት «ዴሰለት ፋሚሊስ» መጻፍ ለለጋሹ ስሜት እንጂ መረጃ አይሰጥም። ምን እንደደረሰባቸው ጻፉ፦ «ድራውት አፌክትድ»፣ «ዲስፕሌስድ»። የተራቆተ መሬትም በሪፖርት ቋንቋ «ዲግሬድድ ላንድ» ነው እንጂ «ዴሰለት ላንድ» አይደለም፤ የመጀመሪያው ይለካል፣ ሁለተኛው አይለካም።

ለፎቶ መግለጫ፦ «ነዋሪዎቹ ከተሰደዱ በኋላ ወና የቀረ መንደር»። እዚህ ቃሉ ያለ ምንም ማስተባበያ ይገባል፦ «ኤ ቪሌጅ ሌፍት ዴሰለት አፍተር ኢትስ ፒፕል ፍሌድ»። ማን እንደሄደ በዚያው ዐረፍተ ነገር ስለተነገረ አንባቢው የጎደለውን ያውቃል። መንደሩን «ዴሰለት» ብቻ ብሎ ሰዎቹን መተው ግን መግለጫውን ከግማሽ በላይ ባዶ ያደርገዋል።

ለፈተና የምትዘጋጁ ተማሪዎች አንድ ነገር ጨምሩ። ተቃራኒውን ምረጡ የሚል ጥያቄ ሲመጣ ዐረፍተ ነገሩ ስለ ቦታ ነው ወይስ ስለ ሰው የሚለውን አስቀድማችሁ ለዩ። ለቦታ ከሆነ «ፖፑለስ»፣ «ኢንሃቢትድ» ወይም «ትራይቪንግ» ከምርጫዎቹ መካከል ይኖራሉ፤ ለሰው ከሆነ «ቺርፉል» ወይም «ጆይፉል»። «ዌት» እና «ኮልድ» የሚሉትን የሚያስቀምጡት ቃሉን ከ«ዴዘርት»፣ ከበረሃ፣ ጋር ያምታታውን ተማሪ ለመለየት ነው። ተመሳሳይ ምረጡ ሲባልም «አይሶሌትድ» እና «ብሊክ» አብረው ከቀረቡ ምንባቡ ውስጥ ነፋስ፣ ጨለማ ወይም ተስፋ መቁረጥ ካለ «ብሊክ»ን፣ ርቀት ብቻ ከተነገረ «አይሶሌትድ»ን ውሰዱ።